ከኋላቸው የማስተነፍሰው አየር

ይህን ነገር እስከ ዘንድሮ ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ ለሶስና እንኳ አልነገርኳትም፤ ይህን ጽሑፍ ግን ከማንም በፊት እንድታነበው እሰጣታለሁ፣ ከዚያ በኋላ የምትለውን ትበል። እኛ ቤተ ክርስቲያን የነፍስ አባት የሚባል የለም። ሰው በደሉን በቀጥታ ለጌታ ይናገራል። እኔም ለዓመታት ተናግሬያለሁ። የበደልኩት ሰው ግን በየእሁዱ ለንደን፣ ሆሎዌይ ባለው አዳራሻችን ውስጥ ከፊቴ ይቀመጥ ነበር፤ ዐይኔን ጨፍኜ ለጌታ መናገሩ እሱን ትከሻውን መታ አድርጎ ከመጥራት ይቀለኝ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የነፍስ አባቴ እናንተ ናችሁ።

ሥራዬ በረዶ መሥራት ነው። ሀበሻ ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። ከለንደን ወጣ ብሎ ጣራ ያለው የበረዶ መንሸራተቻ አለ። ትልቅ መጋዘን በሉት፣ ውስጡ ግን ኮረብታ አለው። ውጪ ሰው በቁምጣ ሲሄድ እኛ ውስጥ ጃኬት ደራርበን አፍንጫችንን እንጠርጋለን። በረዶውን የሚሠሩት ማሽኖች ውሃና የታመቀ አየር በጎማ ይቀበላሉ፤ ሁለቱን ቀላቅለው ወደ ብርዱ ሲረጩት በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ጧት ደንበኛ ከመግባቱ በፊት ጎማዎቹን ነቅለን ማሽኖቹን ከመንገድ እናነሳለን።

አደጋው ያለው መንቀሉ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ቧንቧ ብትዘጉትም ጎማው ውስጥ የቀረው አየር የትም አይሄድም። መጀመሪያ ትንሿን መክፈቻ ከፍታችሁ ታስተነፍሱታላችሁ፤ ፉጨቱ ጸጥ እስኪል ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው መጋጠሚያው የሚፈታው። ሳይተነፍስ ከተፈታ የጎማው ብረት ጫፍ ተወርውሮ ያገኘውን ይመታል። ሥራው ሌላም ጥንቃቄ አለው፤ እኔን የሚመለከተው ግን ይህ አንዱ ነው።

ጋሼ ታደሰን ወደዚህ ሥራ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ሶስናን ላገባ ስል ዘመዶቼ ሁሉ አዲስ አበባ ነበሩ፤ ለንደን ውስጥ ሽማግሌ አድርጌ የምልከው ሰው አልነበረኝም። ጋሼ ታደሰ ከቤተ ክርስቲያን ነበር የሚያውቁኝ። "እኔ አለሁ አይደል?" ብለው ሁለት ሰው አስከትለው አባቷ ቤት ሄዱ። አባቷ እምቢ አሉ። ጋሼ ተመልሰው ሄዱ፤ አሁንም እምቢ ሲባሉ እንደገና ሄዱ። "ይህ ልጅ አይዋሽም፣ ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ" ብለው ነው ያጋቡኝ። እንግዲህ ይሠሩበት የነበረው ዳቦ ቤት ሲዘጋና ስልሳን ያለፈ ሰው ማን ይቀጥራል ብለው ሲጨነቁ፣ ዝም ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። አለቃችንን ግራሃምን ለመንኩት፣ ቀጠራቸው።

እንግሊዝኛቸው ገበያ ያደርሳቸዋል እንጂ ከዚያ አያልፍም ነበር። ግራሃም "የሥራውን ደንብ በቋንቋችሁ አንተው አስረዳቸው" አለኝ። የቡድን መሪ ከሆንኩ ገና ወራት ነበር። በመጀመሪያው ቀን አስረዳኋቸው፤ ስለ ጆሮ መሸፈኛው፣ ስለ ጫማው፣ በረዶ በሚደለድለው ትልቅ መኪና ኋላ ስላለማለፍ ነገርኳቸው። ጎማው ጋ ስንደርስ ሌሎቹ ሠራተኞች ቆመው ያዩናል። ማሽኑ ስለሚጮህ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ለራሴ ጆሮ እንኳ የምቆጣቸው መሰለኝ። ጋሼም ፊታቸው ትንሽ ቀላ። "ገባኝ ልጄ፣ ገባኝ" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም ስለ ማስተንፈሱ ሳልነግራቸው እዚያው ላይ ተውኩት።

በማግስቱ ቧንቧውን ዘጉና በቀጥታ መጋጠሚያውን ሊፈቱ መጡ። ማስተንፈስ የሚባለውን ነገር አላወቁትም። አጠገባቸው ነበርኩ፤ ቀድሜ ትንሿን መክፈቻ ከፈትኩና ፉጨቱ እስኪያልቅ አንድ ሁለት ነገር አወራኋቸው። ከዚያ ፈቱ። ምንም አልሆነም። በቀጣዩም ቀን እንዲሁ አደረግሁ። እሳቸው ወደ ግድግዳው ሄደው ሲዘጉ እኔ ከኋላቸው አስተነፍሳለሁ፤ ሲመለሱ ጎማው ጸጥ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ወራት እንዲህ ሠራን። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት" ማለት ምን ይከብድ ነበር? የሻይ ሰዓት ነበር፣ ወደ ቤት ስንመለስ አብረን የምንሳፈርበት ባቡር ነበር። እኔ ግን ሽማግሌዬን ከወራት በኋላ "እስካሁን የሠሩት ስህተት ነው" ማለት አልሆነልኝም። ይሉኝታ ያዘኝ። አክብሮት እያልኩ ጠራሁት፣ ደስም አለኝ፤ እንዴት ያለሁ ጨዋ ነኝ ብዬ በራሴ ተገረምኩ። እውነቱን ስናገር ግን እሳቸውን ከማሳፈር ይልቅ የፈራሁት፣ እሳቸው ቅር ሲሰኙብኝ ማየትን ነው። ለራሴ ምቾት ብዬ የአንድን ሰው እጅ አደጋ ላይ ጣልኩ።

አንድ ቀን ጧት ላይኛው ማሽን አልጠፋ አለ። ላስተካክለው ዳገቱን ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ዞር ስል ጋሼ ወደ ግድግዳው ሲሄዱ አየኋቸው። አየኋቸው ነው የምላችሁ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አውቄያለሁ፣ ከኋላቸው እንደሌለሁም አውቄያለሁ። ሬዲዮ ደረቴ ላይ ነበር። "ጋሼ፣ እስክመጣ ይጠብቁኝ" ለማለት አፌን እንኳ አልከፈትኩም፤ ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ፍንዳታውን የሰማሁት ማሽኑ ላይ እንዳጎነበስኩ ነው። ስደርስ በረዶው ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘዋል። አልጮኹም። "ምን ነካው ይሄ ነገር?" ነው ያሉኝ።

የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር። በቀዶ ጥገና ተጠገነ፤ ሁለቱ ጣቶቻቸው ግን ከዚያ በኋላ ታጥፈው አያውቁም። እስከዚህ ድረስ ያለውን ጥፋት በስንፍና ልታሳልፉልኝ ትችሉ ይሆናል። ለኑዛዜ ያስቀመጠኝ የሚቀጥለው ነው።

ከሳምንታት በኋላ ቢሮ ተጠራን። ግራሃም ነበረ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣች ሴትም ነበረች። አስተርጓሚ እንፈልግ ወይ ስትል ጋሼ ራሳቸው "ዮናስ አለልኝ፣ ከሱ የሚሻል የለም" አሉ። ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ መጋጠሚያው ከመፈታቱ በፊት አየሩ መተንፈስ እንዳለበት ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ረጋ ብለው፣ ማንንም ሳይወቅሱ መለሱ፦

"እሱን ሁልጊዜ ዮናስ ነበር ከኋላዬ የሚሠራው። የሱ ድርሻ መስሎኝ ነው፤ ያን ቀንም ሠርቶት የወጣ መሰለኝ። እኔ እንድሠራው የነገረኝ ሰው የለም።"

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፣ ግራሃምም አየኝ። እኔ ደግሞ ዐይኔን በጨው አጥቤ በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፦ እንደነገርኳቸው ያውቃሉ፤ ያን ቀን ግን ረሳሁት ነው የሚሉት።

ስንት ጊዜ እንዳሳየኋቸው ስትጠይቅ ለጋሼ ሳልተረጉም በራሴ መለስኩላት፤ ብዙ ጊዜ አልኩ። ጋሼ አፌን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። የምከራከርላቸው መስሏቸዋል። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ በደህናው እጃቸው አቅፈውኝ "ተባረክ ልጄ፣ ጌታ ያክብርህ" አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ሶስና ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሥራዬን ፈርቼ ነበር። ይህን የምጠቅሰው እንድታውቁት ያህል ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ስለ ሶስናም ሆነ ስለ ልጁ አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ግራሃም ፊት ምን እንደምመስል ብቻ ነው።

ጥፋቱ የራሳቸው ነው ተብሎ ተሰናበቱ። ልጃቸው ማርታ ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ ነገር የማታሳልፍ ሴት ናት። ቢሮ ደውላ ስትጠይቅ "አባትሽ ራሳቸው ረሳሁ ብለዋል" አሏት። አባቷን ስትጠይቃቸው እንዲህ አላልኩም አሏት። ያኔ አርችዌይ ወዳለው ቤታችን መጣች፤ በር ላይ ቆማ፣ ሳትቀመጥ ጠየቀችኝ።

"ዮናስ፣ ኦነስትሊ ንገረኝ። ዳዲን ነግረኸው ነበር፣ ኦር ኖት?"

"ነግሬያቸዋለሁ፣ ማርቲ" አልኳት።

"ኦኬ" አለች። "ሶሪ፣ ቼክ ማድረግ ስለነበረብኝ ነው" ብላም ሄደች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ነች።

ማታውኑ ለጋሼ ነግራቸዋለች። እሳቸውስ ምን አሉ? "ዮናስ አይዋሽም። ነገርኳቸው ካለ ነግሮኛል ማለት ነው።" ከዚያ ተነሥተው የራሳቸውን ጭንቅላት ጠረጠሩ። አንድን ነገር በተደጋጋሚ ተነግሯቸው ሙልጭ አድርገው የረሱት፣ ረሳሁ ብለው ቢሮ ውስጥ መናገራቸውንም እንኳ የማያስታውሱት፣ መርሳት ጀምሯቸው እንደሆነ ወሰኑ። ሐኪም መረመራቸውና ደህና ነዎት አላቸው። "እሱ ምን ያውቃል፣ የረሳሁትን የማውቀው እኔ ነኝ" አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት በገዛ ፈቃዳቸው ወረዱ። ብቻቸውን ሲሆኑ ምድጃ መለኮስ ተዉ። የልጅ ልጃቸው ናኦሚ ትምህርት ቤት ስትገባ ማርታ ከሰዓት በኋላ እንዲያመጡላት ለመነቻቸው። መንገዱ አጭር ነው፣ ልጅቷም ከእሳቸው አትለይም ነበር። "ቆማ ስትጠብቀኝ ብረሳትስ?" ብለው እምቢ አሉ። ማርታ የሥራ ሰዓቷን ቀንሳ ራሷ አመላለሰቻት።

ይህን ሁሉ እየሰማሁ ኖርኩ። እኔ በበኩሌ አደግሁ፤ አሁን አዲስ ሠራተኞችን ስለ ጥንቃቄ የማስተምረው እኔ ነኝ። ጎበዝ አስተማሪ ነህ ይሉኛል። ጎማው ጋ ስንደርስ "ደጋግሜ ነግሬያቸው ስለረሱ አንድ ሽማግሌ" እተርክላቸው ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ለዚህም ራሴን እንደ ጨዋ እቆጥር ነበር። ሰው ዋሽቶ ዝም ቢል አንድ ነገር ነው። ውሸቱን ለማስተማሪያ የሚያደርግ ምን ይባላል? የሚመጥነኝን ስም እናንተ ስጡኝ።

ባለፈው የጸደይ ወራት አንድ እሁድ ጋሼ በስብሰባው መጨረሻ ተነሡ። "ስለ አእምሮዬ ጸልዩልኝ፣ እንዳልጠፋባችሁ" አሉ። እንደ ልማዳችን ከበብናቸውና እጃችንን ጫንንባቸው። እኔ በጣም ቅርብ ስለነበርኩ እጄ ያረፈው ራሳቸው ላይ ነው። ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸለየ፤ እኔም ጸለይኩ። ያልታመመ ጭንቅላት ይዤ፣ እንዳልታመመ ከሰው ሁሉ ለይቼ እያወቅሁ፣ ፈውሰው አልኩ። ፀጉራቸው ሳስቶ ነበር፣ የራሳቸው ሙቀት መዳፌ ውስጥ ገባ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ተጸይፌ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከማርታ ጋር ወደሚኖሩበት ዌምብሊ ቤታቸው ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ብቻቸውን ነበሩ። ሳልቀመጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቀን፣ ከኋላቸው ያስተነፈስኩትን አየር፣ ዳገቱ ላይ ዞሬ ማየቴን፣ ቢሮ ውስጥ እሳቸው ያሉትንና እኔ ያልኩትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ለማርታ የዋሸሁትንም ነገርኳቸው። ነገ ግራሃም ዘንድ ገብቼ ይህንኑ እደግማለሁ አልኩ፤ በማግስቱ ገብቼ ደግሜዋለሁ፣ የሚመጣውን እየጠበቅሁ ነው። ከዚያ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር በሉኝ አልኩ።

አላነሡኝም። የማይታጠፉትን ሁለት ጣቶች በሌላው እጃቸው ያሻሹ ነበር፣ ስለ እጃቸው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

"እና እኔ አልረሳሁም?" አሉ።

"አልረሱም፣ ጋሼ።"

"ቢሮ ውስጥም፣ አልነገረኝም ብዬ ነበር?"

"ብለው ነበር። እንዲያ ነው ያሉት።"

"ብዬ ነበር" አሉ ለራሳቸው። "አዎ፣ ብያለሁ።"

በሩ በቁልፍ ሲከፈት ተነሥቼ ቆምኩ። ናኦሚ ነች፤ የሁለተኛ ደረጃ ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ምንም አልቀረውም። "ሃይ አባባ" ብላ ግንባራቸውን ሳመች፣ እኔንም ሰላም ብላ ክፍሏ ገባች። ጋሼ በሩ እስኪዘጋ ድረስ በዐይናቸው ተከተሏት።

"አሁን እኮ ብቻዋን ነው የምትመጣው" አሉኝ።

ለዚህኛው ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ አላውቅም።