ስልኩን የያዘው እጄ

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ ያልነገርኩት አፍሬ ነው፤ ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት ግን "ይህ እንኳ ኃጢአት ነው ወይ?" እያልኩ ራሴን ስለምሸነግል ነው። ኃጢአት ነው። እናቴን ዋሽቻታለሁ፤ ያውም አጠገቧ ቆሜ፣ በማትረዳው ቋንቋ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ በአንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ እኔ፣ ባሌ፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጃችንና እናቴ እንኖር ነበር። እማዬ የመጣችው ልጅ ልትይዝልኝ ነው። አዲስ አበባ እያለች ሰፈሩን በአንድ ቃል ጸጥ የምታሰኝ ሴት፣ እዚህ ሱቅ ስንገባ ከኋላዬ ትደበቅ ነበር። የምትፈልገውን በጆሮዬ ትነግረኛለች፤ እኔ እናገርላታለሁ። እውነቱን ልናገር? ደስ ይለኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ስታዘኝ የኖረች ሴት ያለ እኔ ዳቦ መግዛት አትችልም።

አንድ የአዛውንቶች ማዕከል ሥዕል በነፃ እንደሚያስተምር ስሰማ፣ ያኔ የማታ ፈረቃ ነበርኩና ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት በመኪና አደርሳት ጀመርኩ። ቤት ተቀምጣ ከምትተክዝ ብዬ እንጂ ምንም አልጠበቅኩም። በሦስተኛው ወር ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ ብቻዋን ሥጋ ቤት ሄደች። በሬውን ሣለች፤ ጎድኑን አጠቆረች፤ ስንት እንደምትፈልግ በጣቷ አሳየች። ባለሥጋ ቤቱ ወረቀቱን ለምኖ ወስዶ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ዛሬም ይህን ሳወራ ደረቴ ይነፋል። ከስልሳ ዓመቷ በኋላ በእርሳስ አፍ የፈታችው የእኔ እናት ናት።

ከዚያ በርክሌ ሆስፒታል የቀን ሥራ አገኘሁ። ማክሰኞም ልጅ የሚይዝልኝ ሰው አስፈለገኝ። ልጅ ይዞ መማር ይፈቀድ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። "ትምህርቱ ተዘግቷል" አልኳት። ደብተሯን መሳቢያ ውስጥ ከተተች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አስተማሪዋ ደወለች። "የእናትሽ ሥዕል አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል፤ መጥታ ትየው" አለችኝ። እማዬ አጠገቤ ልጄን ታበላለች። የስልኩን መነጋገሪያ በመዳፌ ሸፈንኩት።

"ማናት?" አለችኝ።

"ሴልስ ናቸው እማዬ፣ ዕቃ የሚሸጡ።"

ለአስተማሪዋ ደግሞ "ሥዕል ሰልችቷታል፣ መምጣት አትፈልግም" ብዬ ዘጋሁት። እኔ ነኝ ያልኩት። አስተርጓሚዋ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አምናኝ ነበር፤ በእምነቷ ተጫወትኩ። ሥራ በዝቶብኝ ነው? ልጅ አስቸግራኝ ነው? ይህ ሰበብ ነው። እንደገና ከኋላዬ እንድትቆም ፈልጌ ነው።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። እማዬ ያስተማራትን ሰው ሳታመሰግን የምትለይ ሴት አይደለችም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ ልጄን በጋሪ እየገፋች፣ የማዕከሉን በር ስላ ለአውቶቡስ ሹፌሩ አሳይታ ልትሰናበት ሄደች። ክፍሉ ሰው ሞልቶታል። የእሷም ሥዕል ግድግዳው ላይ ነው።

ማታ ከሥራ ስገባ ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። በአንዱ ገጽ አስተማሪዋ የሳለችው ስልክ አለ፤ አጠገቡ ትልቅ የጥያቄ ምልክት። በሌላው ገጽ የእማዬ መልስ፦ እኔ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ መነጋገሪያውን በመዳፌ ሸፍኜ። ሁለቱ ሴቶች ያለ እኔ ተነጋግረው ጨርሰዋል።

የምገባበት ጠፋኝ። እማዬ አልተቆጣችም። ስልኩን አንስታ ሰጠችኝ።

"እጅሽ አልወጣልኝም። እስቲ እንደዚያን ቀን አድርገሽ ያዢው።"

ያዝኩት፤ በመዳፌም ሸፈንኩት። ቀና ብላ ታየኛለች፣ ጎንበስ ብላ ትስላለች። ላለቅስ ስል "አትነቃነቂ" አለችኝ። ይቅር በይኝ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። አላልኩም። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ልጄን ይዛ ትሄድ ነበር፤ እኔን ሳታስፈቅድ።

እማዬ ካረፈች ቆየች። ሥዕሉ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ "እናቴ ናት የሳለችኝ" እላለሁ፣ ኩራቴን መደበቅ አልችልም። ስልኩን ለምን እንደሸፈንኩት የጠየቀኝ የለም። አሁን ለእናንተ ተናገርኩ። ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ ሰበብም የለኝም። እጁ ቁርጥ የእኔ እጅ ነው።