ከአስፋልቱ በላይ ያለው የአባቴ ግዛት

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባን ተማሪዎች ከራሳችን ሕይወት አንድ ነገር ጽፈን እንድናመጣ ስንጠየቅ፣ አንዱ ስለ ወንድሙ ሠርግ፣ ሌላዋ ስለ አጎቷ ልቅሶ ልትጽፍ ተነሳች። እኔ ትዝ ያለኝ የስልክ ጨዋታ ነው። ጀምሬ ተውኩት፤ ደግሞ ጀመርኩ። ስለ አባቴ ልጻፍ ብዬ በተቀመጥኩ ቁጥር ጨዋታው ቀድሞ ይመጣብኛል። ስለዚህ እንዳለ ልጻፈው።

አባቴ አምበር በምትባል የጎጃም ከተማ በመሬት አስተዳደር ሥራ ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ወደ ደብረ ማርቆስ ገባን። ዕድሜያቸውን የፈጁት የሰው ማሳ ሲለኩና በድንበር የተጣሉ ጎረቤቶችን ሲያስታርቁ ነው። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ስኳር ተገኘባቸው። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዙላቸው በኋላ፣ «ይሄ ብቻውን አይበቃም፤ በየጠዋቱ መራመድ አለብዎት» አሏቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም በዚሁ በሽታ መጀመሪያ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ሕይወታቸውን ማጣታቸውን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። 

በማግስቱ አባቴ ማልደው ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ።

«ምነው ቶሎ መጡ?» አለቻቸው እናቴ።

«ምን ላድርግ! አንዱ ‹ማን ሞተ?› ይለኛል። አንዱ ‹ችሎት አለብዎት እንዴ?› ይለኛል። ሦስተኛውማ ጭራሽ ጠበቃ ሊጠቁመኝ ነው ያቆመኝ።»

«ለጤናዬ ነው አይሏቸውም?»

«ጤናዬ ጤናዬ እያልኩ በየመንገዱ ልለፍፍ? ደግሞስ ወዴት ነው ስባል ምን እላለሁ? የትም?»

በእኛ ከተማ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ልቅሶ ቤት። መድረሻ የሌለው ጉዞ ለአባቴ ነውር ሆነባቸው። ከዚያን ቀን በኋላ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እናቴ ለመነቻቸው፣ እኔም ለመንኳቸው። «ነገ» ይሉናል፤ ነገም ይቀመጣሉ።

በዚያ ሰሞን፣ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ክፍላችን ውስጥ አንድ የስልክ ጨዋታ ገብቶ ነበር። ስልኩ የራሳችንን ከተማ ካርታ ያሳያል። በካርታው ላይ የሆስፒታሉ በር፣ መናኸሪያው፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር፣ የዩኒቨርሲቲው መግቢያ፣ እንደዚህ ያሉት የታወቁ ቦታዎች እንደ ማማ ቆመው ይታያሉ። ማማውን ለመያዝ በአካል ሄዶ አጠገቡ መቆም ያስፈልጋል፤ ቤት ቁጭ ብሎ አይሆንም። የያዘው ሰው በቀን አንድ ድንጋይ እየጨመረ ያጠነክረዋል። ድንጋዩ አንዴ ከሞላ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያፈርሰው ድረስ አይጎድልም። ሁለት ወገን አለ፤ አረንጓዴና ሰማያዊ። እኔ አረንጓዴ ነበርኩ፤ ያውም አንድም ማማ የሌለኝ አረንጓዴ።

አንድ ቀን ማታ አባቴ በመነጽራቸው ሥር ወደ ስልኬ አዩ።

«ይሄ የኛ ሰፈር አይደለም እንዴ?»

«ነው አባባ።»

«ማን ነው ሰማያዊ የቀባው?»

«አላውቀውም። አንድ ሰው ነው ከተማውን በሙሉ የያዘው።»

«በሙሉ? ማን ፈቅዶለት?»

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባቴን ኮታቸውን ለብሰው ክፍሌ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ተነሺ እስቲ፣ አሳዪኝ» አሉ።

እኔ ያገኘሁትን ማማ ሁሉ ልይዝ ቸኩዬ ነበር። እሳቸው ግን ከልክለውኝ መጀመሪያ ሰፈሩን ዞረን አየነው። ቀጥለን ብዙ ማማ ያዝን፤ ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁሉም ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። አባቴ አልተናደዱም። «አሰፋነውና አሳሳነው» አሉ። ከዚያ በኋላ አካሄዳቸው ተለወጠ። ከተማውን ለሁለት ከሚከፍለው አስፋልት በላይ፣ ተቀራርበው ያሉትን ብቻ መረጡ፤ አንድ ዙር ስንዞር ሁሉም ላይ ድንጋይ እንድንጨምር ነው። ዳገቱን በማለዳ፣ ጉልበታቸው ሳይደክም እንጨርሳለን፤ የቀረው ቁልቁለት ነው። መናኸሪያው አጠገብ ያለውን ማማ ግን ያዙና ሆን ብለው አንድ ድንጋይ ብቻ አስቀመጡበት።

«ይሄማ ወዲያው ይፈርሳል» አልኳቸው።

«ይፍረስ። እሱን ሲያፈርስ ውሎ ወደ ላይ መምጣቱን ይረሳል።»

እውነትም እኛ በየጠዋቱ መልሰን ስንይዘው፣ የሰማያዊው ሰው ውሎ መናኸሪያው ላይ ሆነ፤ ወደ ላይ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲያቆማቸውም አሁን መልስ አላቸው። «ወዴት ነው በጠዋቱ?» ሲሏቸው፣ «የመሬት ጉዳይ ነው» ይላሉ። በእኛ አገር ይህን ሰምቶ ሌላ ጥያቄ የሚጨምር ሰው የለም። ራሱን ነቅንቆ፣ «እግዚአብሔር ይርዳዎት» ብሎ ያልፋል።

አባቴ ሰማያዊውን ሰው ያገኙት ራሳቸው ናቸው። አንድ ባጃጅ መናኸሪያው ጥግ ተሳፋሪ ሳይጭን፣ ሳያራግፍ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ እንደሚቆም አስተዋሉ። አንድ ቀን ጠዋት ቀጥ ብለው ሄዱበት። ሹፌሩ ገና ወጣት ነው።

«የት ላድርስዎ ጋሼ?»

«የትም። ሰማያዊው አንተ ነህ?»

ልጁ መጀመሪያ ባጃጁን አየ፤ ቀለሟ ሰማያዊ ነው። ቀጥሎ በእኔ እጅ ያለውን ስልክ አየና ከባጃጁ ዘሎ ወረደ።

«አረንጓዴው እርስዎ ነዎት? ኧረ በማርያም! እኔ እኮ አንድ ሥራ ፈት ተማሪ መስሎኝ ስሰድብ ነው የከረምኩት!»

«ሥራ ፈት መሆኑንስ ነኝ።»

«የሆስፒታሉን ማማ ለማፍረስ የስንት ቀን ቤንዚን እንደጨረስኩ ቢያውቁ!»

«አንተ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን በር ለምን አትተውልኝም? ቤቴ አጠገብ እኮ ነው!»

ቆመው ተከራከሩ፤ ሳቁም። እዚያ ላይ ቢለያዩ ኖሮ ደግ ነበር። ነገር ግን አባቴ ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ የሚያውቁት አንድ መፍትሔ ነው። በዚያው እሑድ ልጁን ቤት ጠሩት፤ ወዳጃቸው የሆኑትን ጎረቤታችንን ቄስም ለሽምግልና አስቀመጡ።

«መሬቱ የት ነው ያለው?» አሉ ቄሱ።

«ስልክ ውስጥ ነው አባ» አለ ልጁ።

«ግብር ይከፈልበታል?»

«የለም።»

«ይታረሳል?»

«አይታረስም።»

«ታዲያ ምኑ አጣላችሁ?» አሉና ሁለቱንም አፈራርቀው አዩ። ቢሆንም እንደ ወጉ ዳኙ። ከአስፋልቱ በላይ ያለው የአባቴ፣ ከአስፋልቱ በታች ያለው የልጁ ሆነ። ሁለቱም ድንበር ላይገፉ ቃል ገብተው መስቀል ተሳለሙ። እናቴ ጠላ ቀዳች። አባቴ ልጁን ደጃፍ ድረስ ሸኙትና እጃቸውን እያሻሹ ተመለሱ።

በማግስቱ ክፍሌ በር ላይ አልነበሩም። በረንዳው ላይ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ አንሄድም?»

«የት? ሰላም እኮ ነው።» ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ካርታውን አዩ። ከአስፋልቱ በላይ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ድንጋዩም ሞልቷል። ፈገግ ብለው መለሱልኝ።

እንዲህ ሆኖ ወር አለፈ፤ ሌላም ወር ተጨመረ። በቀጠሯቸው ቀን ሐኪሙ ውጤቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። ስኳሩ ከበፊቱም ብሶ ነበር። «እግርዎን ያደነዝዝዎታል?» ብለው ጠየቁ። አባቴ «አልፎ አልፎ» አሉ። ለእኛ ነግረውን አያውቁም። በዚያ ሳምንት የአጎቴ እግር ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ባጃጅ ተራው ሄድኩ። ልጁ ጎማ ሲፈትሽ አገኘሁት።

«እንዴት ነሽ? ጋሼ ደህና ናቸው?»

«ደህና አይደሉም» ብዬ የሐኪሙን ቃል ነገርኩት። «ማማዎቻቸውን ውሰድባቸው።»

«አብደሻል? መስቀል ስሜ!»

«ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ ለምን ታለቅሻለሽ?»

ማልቀሴን አላወቅሁም ነበር። እሱ ጎማውን ትቶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «ተደብቄ ብወስድባቸው ሌባ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «እሳቸውም ያዝኑብኛል። ያሰሩን ቄሱ አይደሉ? እሳቸው ይፍቱን። ግቢ።» በባጃጁ ወደ ቄሱ ቤት ወሰደኝ፤ ሒሳብም አልተቀበለኝም።

ቄሱ ሰምተውን ሲያበቁ፣ «አስታርቁን የሚለኝ ብዙ ነው። አጣሉን ብሎ የመጣብኝ ሰው ግን እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ» አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ግን ተነሱ።

አባቴ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሦስታችንን አንድ ላይ ሲያዩ ደነገጡ።

«ያቺን የስልክ መሬት ነገር ላፈርስ መጥቻለሁ» አሉ ቄሱ።

«ምነው አባ፣ ልጁ ድንበር ገፋ?»

«ልጁማ እንደ ቃሉ ነው። ከሳሽህ የራስህ ልጅ ናት።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ? ምን በደልኩሽ?»

በመንገድ ላይ ጥሩ ጥሩ ቃላት መርጬ ነበር፤ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ምርመራው፣ ስለ አጎቴ። አንዱም አልመጣልኝም።

«ሲቀመጡ እፈራለሁ» አልኳቸው።

እናቴ ከውስጥ ብቅ ብላ መቃኑን ይዛ ቆመች። አባቴ ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው እኔን ሳያዩኝ ጭንቅላቴን ዳሰሱት። ቀና ሲሉ ንግግራቸው ወደ ባጃጁ ልጅ ነበር።

«አንተስ፣ ሥራ የለህም? ከሽማግሌ ጋር የምትታገልበትን ጊዜ ከየት ታመጣዋለህ?»

«አመጣዋለሁ ጋሼ። በኋላ ግን እንዳይቆጩ፣ አልምርዎትም።»

«ማን ማረኝ አለህ!»

ቄሱ ሁለቱንም ከቃላቸው ፈቱና ባረኳቸው። «እንግዲህ በደንብ ተጣሉ» አሉ።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ በር ሰማያዊ ሆኖ አደረ፤ አባቴም ኮታቸውን ለበሱ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በልቤ ውስጥ አንድ ረጅም ጠዋት ነው። እኔ ከኋላ፣ አባቴ ከፊት፤ ብርዱ፣ የእግራቸው ድምፅ፣ የተያዘውን ማማ ሲያስመልሱ የሚሉት «እሰይ!»። ቆይቶ የገባኝ ነገር አለ። አባቴ ደክሟቸው በዋሉ ማግስት የሚፈርሰው ከቤታችን የቅርቡ ማማ ብቻ ነው። ሲበረቱ ደግሞ ሩቁ፣ የሆስፒታሉ ይፈርሳል፤ ከሳምንት በኋላ ከእሱም የራቀው። ጉንፋን ይዟቸው በተኙበት ሰሞን አንድም ማማ አልተነካም። ልጁ ጤንነታቸውን ከማን እንደሚሰማ አላውቅም ነበር። በኋላ እናቴ ገበያ ስትሄድ በማን ባጃጅ እንደምትሄድ አየሁ። 

በሚቀጥለው ዓመት ሐኪሙ ውጤቱን ደጋግመው አዩና፣ «ምን እያደረጉ ነው?» አሏቸው።

«አንድ ጎረምሳ አላስቀምጥ አለኝ» አሉ አባቴ።

ሐኪሙ የገባቸው አይመስለኝም። «ግድ የለም፣ አያስቀምጥዎት» አሉ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጨርስ ስል ጨዋታው ሊዘጋ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት በስልኬ መጣ። ለአባቴ ተርጉሜ አነበብኩላቸው።

«ማማዎቹስ የት ይሄዳሉ?»

«ይጠፋሉ አባባ።»

«የሱም?»

«የሱም።»

ልጁ ወሬውን ሰምቶ ቤት መጣ። ለመጨረሻው ቀን ከአስፋልቱ በታች ያለውን ሁሉ ሊለቅላቸው፣ ካርታው በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ እንዲዘጋ ፈልጎ ነበር። አባቴ በጄ አላሉም። «በስጦታ አልይዝም። አንተ ሞልተህ ጠብቀኝ፤ እኔ በእግሬ መጥቼ እወስደዋለሁ» አሉት።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር። አስፋልቱን ተሻግረን ከመናኸሪያው ጀመርን። ባጃጁ ከኋላችን በቀስታ፣ ከእርምጃችን ሳይፈጥን ይከተለን ጀመር። ሰው ሲያስቆመው፣ «ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነኝ» እያለ ያልፋል። አባቴ ዞረው አላዩትም፤ እሱም ግቡ አላላቸውም። አንዱን ማማ አፍርሰን ወደሚቀጥለው ስንሄድ ሁለት ጊዜ ያህል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አረፉ። ባጃጁም ቆሞ ጠበቀ። እግራቸው አስጨንቆኝ «ይደነዝዝዎታል?» ስላቸው፣ «ያመኛል እንጂ አይደነዝዘኝም» አሉኝ፤ በዚህም ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። የዩኒቨርሲቲው መግቢያ የመጨረሻው ነበር። እዚያ እስክንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ነበር። ስልኩን ያዝኩላቸው፤ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ከተማው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ።

ልጁ ከባጃጁ ወርዶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። «አሁንስ ላድርስዎት ጋሼ?»

«አሁን እንኳ እሺ» አሉ አባቴ፤ ጎንበስ ብለው ገቡ። እስከ ቤት ድረስ እጃቸው በልጁ ትከሻ ላይ ነበር። ጨዋታው የተዘጋው በዚያው ዕለት ማታ፣ ግንቦት 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።