የአየር ቀዳዳው ውታፍ

ጉተማ ሰቦቃ ሲቆጣ አቃቂ በሙሉ ይሰማ ነበር። ድምፁን ያሳደገው ባቡር ጣቢያው ነው፤ ለጭስ ባቡሮች ውሃ የሚሞላውን ቧንቧ ሲጠግን በፉጨታቸው መሐል መጮኽ ነበረበት። የናፍጣ ባቡር መጥቶ የውሃው ሥራ ሲቀር ወደ ጥጥ ፋብሪካው ገባ። ፋብሪካው የቆመው በአባቱ የጤፍ ማሳ ላይ ስለሆነ፣ መፍቻውን ባነሣ ቁጥር «በገዛ መሬቴ ተቀጣሪ!» እያለ ይራገም ነበር። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ እርግማኑን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ሚስቱ ዳሲቱም እዚያው ፈታይ ነበረች። ከተቀጠረች ወዲህ ሳል ይዟታል። የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነውና ስትስል እኔንም ደረቴን ያመኝ ነበር። ጉተማ ምክንያቱን ያውቃል፤ ፈትል ክፍሉ ውስጥ የጥጥ ብናኝ እንደ ጉም ተኝቷል፣ የጣሪያው ማራገቢያ ይዞራል፣ አየር ግን አይገባም።

ሞተሩን ፈታ፣ ደህና ነው። የሚያዞረውን ቺንጋ ለወጠ፣ ምላጮቹን ጠረገ፣ ምንም የለም። የቀረው አየሩን ይዞ ከጣሪያ የሚወርደው ቱቦ ነው። ካቦውን ጠየቀው።

«ጋሽ ቀናው፣ ማሽኖቹን ትንሽ ያቁሙልኝና ቱቦውን ልፈትሽ።»

«ለሚስትህ ሳል ብዬ ማሽን አላቆምም!» አለው ቀናው።

ጉተማ ደሙ ፈላ። መሰላሉን አምጥቶ ማሽኑ እየሠራ ወጣ። የቱቦው አፍ ከዳሲቱ ማሽን በላይ ነበር። እጁን ሲሰድ የጆንያ ቁራጭ ወጣ፣ ያረጀ ሹራብ ወጣ፣ በመጨረሻ ለመስቀል በዓል የገዛላት የሚስቱ ነጠላ ወጣ።

«ማነው የወተፈው?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ!» አለች ዳሲቱ። «ላብ በላብ ሆነን ያ ቀዝቃዛ ነፋስ ጀርባችን ላይ ሲወርድ ዝም እንበል? ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!»

«የሚገድልሽ ብናኙ ነው፣ አንቺ ሴት!»

«ብናኝ ሰው ሲገድል አላየሁም። እናቴን የወሰዳት ነፋስ ነው።»

ይሄኔ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ። እኛ ሰዎች ጭስ እንውጣለን፣ አቧራ እንውጣለን፣ ነፋስ ሲሆን ግን እንደ ጅብ እንፈራለን። ቢሆንም ዳሲቱ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፤ ቱቦውን የተከሉት ሰዎች ከሥሩ ሰው እንደሚቆም አላሰቡም። ጉተማም ይህ ገባው። ነፋሱን ወደ ላይ የሚመልስ ላሜራ እንዲሰጠው ቀናውን ለመነ።

«አየሩ ገባልህ አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለው።

ጉተማ ተሳድቦ ሄደ። ከማድቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነቀለ፣ አጥፎ ከቱቦው አፍ ሥር ገጠመው። ነፋሱ ከሴቶቹ ራስ በላይ ተበተነ፤ ጉሙ ሳሳ። ዳሲቱ ነጠላዋን አጥባ ለበሰች። ሳሏም ረገብ አለ፣ እኔ ምስክር ነኝ።

ከዚያ ትልልቅ እንግዶች ሊጎበኙ ነው ተባለ። ቀናው ቆርቆሮውን አየና «ይሄ የድሃ ማድቤት ያሳፍረናል» ብሎ አስነቀለው፤ ዳግም እንዳይገጠምም ከለከለ። ነፋሱ ተመልሶ ጀርባቸው ላይ ወረደ፣ ሴቶቹም ቱቦውን መልሰው ወተፉ። ጉተማ ይነቅላል፣ እነሱ ይወትፋሉ። ቀናው እድገት አገኘ። ዳሲቱ ደም መትፋት ጀመረች።

በክረምት ሞተች። ለቀስተኛው ጠባቧን ቤት ሞላ፤ ሰው ከሰው ተጣብቆ ትንፋሽ ያጥራል። አብራት ትፈትል የነበረችው አሰፋች ብድግ ብላ «ነፋስ ገባ» አለችና መስኮቱን ዘጋች። የቀረችውን ስንጥቅ በነጠላዋ ጫፍ ወተፈቻት።

ጉተማ ተነሣ፣ ነጠላውን መንጭቆ ጣለ፣ መስኮቱን ከነማጠፊያው ገንጥሎ ጭቃው ላይ ወረወረው።

«ብርድ ይመታሃል፣ ወንድሜ» አለችው አሰፋች እያለቀሰች።

«ይምታኝ!» አለ። «እሷን የገደላት ብርድ አይደለም። ይምታኝ!»

ዝናቡ ወደ ቤት ይገባ ጀመር። ሊዘጋው የተነሣ ሰው አልነበረም።