ቤንዚኖ እና አዲሱ ባትሪ

ሰፈሩ ያወጣለት ስም ቤንዚኖ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሞተር ላይ ተቀምጦ ስለኖረ፣ እሱ ደረጃውን መውጣት ሳይጀምር ሽታው አራተኛ ፎቅ ደርሶ በር ያንኳኳል ይባላል። ያጋነኑት እንዳይመስላችሁ፤ ሚስቱ ራሷ የእሱን ትራስ ከሌላው ልብስ ለይታ ነው የምታጥበው።

ሥራው ክሊኒክ የተቀዳ ደም በበረዶ ሳጥን ይዞ ከከተማው ማዶ ላለው ላብራቶሪ ማድረስ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተረክቦ፣ አራት ሳይሞላ ማስረከብ አለበት። ካለፈ ደሙ ይደፋል፤ በሽተኞቹም እንደገና ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። ባለፈው ወር ሞተሩ መንገድ ላይ አልነሳም ብሎት ሃያ ደቂቃ ዘገየ። የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ሰው የምታስለቅስ ሴት ናት፤ ጠራችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ጡረታ ይውጣ። በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ይያዙ። አንዴ ደግሞ ከዘገዩ ግን ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ።"

በሃምሳ አራት ዓመቱ፣ በዚያ ወገቡ፣ ሌላ ሥራ ማን ይሰጠዋል? ለወጠ።

አዲሱ ሞተር ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። ያለው ባትሪ ነው፤ ባትሪው ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይከብዳል። ግቢው ውስጥ ሶኬት የለም። ሊፍቱ ላይ "ለጊዜው አይሠራም" ተብሎ የተለጠፈው ወረቀት እንኳ ቢጫ ሆኗል። ስለዚህ ቤንዚኖ ከሥራ ሲመለስ ቤት ሰክቶ ሊሞላው ባትሪውን ነቅሎ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በየፎቁ እያረፈ ይወጣል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ በራቸውን ገርበብ አድርገው "አይዞህ" ይሉታል፤ አፍ እንጂ እጅ አያዋጡም።

"ሰው ሚስቱን አቅፎ ይገባል፤ አንተ ባትሪ" ትለዋለች ሚስቱ።

"አንቺ እግር አለሽ።"

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ወገቡ አሻፈረኝ አለ። ሞተሩን ግቢ አቁሞ ስክሪኑን ሲያይ ባትሪው ሁለት መስመር ቀርቶታል። ባዶ እጁን ወጣ።

"ባትሪውስ?" አለችው ሚስቱ።

"ተይው፣ ሪዘርቭ አለው።"

እዚህ ላይ አትፍረዱበት። የአሮጌው ሞተር የነዳጅ መርፌ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባዶ ላይ ተኝታ፣ እሱ ግን ከተማውን ሲዞርበት ኖሯል። ጠቋሚ የሚያወራውን ማመን ከተወ ቆይቷል።

ዓርብ ጠዋት ሳጥኑን ተረክቦ ዳገቱን ሲጀምር ሁለቱ መስመር አንድ ሆነ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዳገቱ መሃል ላይ፣ ከጎሚስታው ደጃፍ ፊት ለፊት፣ ሞተሩ ቀጥ አለ። ቤንዚኖም ሳያስብ እጁ የለመደውን አደረገ፤ ሳጥኑን አውርዶ፣ ሞተሩን በጎኑ አስተኝቶ ይነቀንቀው ጀመር። ታንከር ጥግ የተረፈች ቤንዚን እንድትወርድ የአሮጌ ሞተር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ጎሚስታው የያዘውን ጎማ ለቀቀ።

"ወንድሜ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"የቀረችውን እያወረድኩ።"

"ምኗን?"

ቤንዚኖ መነቅነቁን አቆመ።

"ጠንከር አድርገህ ነቅንቅ እንጂ!" አለ ጎሚስታው፣ ሆዱን ይዞ። "ኤሌክትሪኩ ጥግ ላይ ረግቶ ይሆናል!"

ቤንዚኖ ሰዓቱን አየ፤ ለአራት ሃያ ጉዳይ። "ሞተሩን ያዝልኝ፣ ባትሪው ሞቷል" አለና ሳጥኑን ትከሻው ላይ አወጣ። አስፋልቱ ዳገቱን እየዞረ ነው የሚወጣው፤ በቤቶቹ መሃል ግን እላይ ላብራቶሪው ድረስ የሚያወጣ የእግረኛ የድንጋይ ደረጃ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት በሥሩ ሲያልፍ አንድ ቀን ረግጦት አያውቅም። በአንድ እጁ ሳጥኑን፣ በሌላው ወገቡን ደግፎ ወጣ። መሃል ላይ ቁጭ ማለት በጣም አማረው። አንዴ ከተቀመጠ ግን የሚያነሳው ሰው እንደሌለ ያውቃል፤ እየተጎተተም ቢሆን ቀጠለ።

ላብራቶሪው መስኮት ሲደርስ ለአራት ሦስት ደቂቃ ይቀራል። ተቀባይዋ በረዶውን ነካ አድርጋ ማህተሟን መታች።

"ሞተርዎ ሲመጣ አልሰማሁም።"

"ድምፅ የለውም" አለ። አልዋሸም።

ውጭ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እንደተጣበቀ፣ ሲስተር ደወለች።

"ጋሼ፣ በሰዓቱ ደርሰዋል አሉኝ። እንዲህ ከሆነማ የከሰዓቱንም ደም እርስዎ ያድርሱልን። ኤሌክትሪክ እንደሁ አይደክመው!"

ማን እንደማይደክመው አልጠየቃትም። "እሺ፣ ሲስተር" አለ። ትንሽ ቆይቶ ለሚስቱ ደወለ።

"ለምሳ እመጣለሁ።"

"ምን ተገኘና?"

"ባትሪው ይርበዋል። ከዛሬ ጀምሮ በቀን ሁለቴ ነው የምንወጣው።"

ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። አልሳቀችም።

"ወገብህስ?"

"እሱም አብሮን ይወጣል።"

"በል፣ በሩን ክፍት እተወዋለሁ" አለችው። "እጅህ በባትሪው ይያዛል።"