ዳገቱ ሲዞር

አጎቴ ካረፉ አርባቸው ወጣ። ምን አለሽ ተራ ዛሬም በመዶሻ ድምፅ ይንጫጫል፤ እሳቸው ምድጃ ይሠሩባት የነበረችው በር ግን ዝም ብላለች።

እኔ ከአሮጌ መጽሐፍ እየለቀምኩ ብቻዬን ለማትሪክ ስዘጋጅ፣ ሒሳቡን ያስጠኑኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከሥራቸው አረፍ ሲሉ ይጠሩኛል።

«የአንዱ መስመር ስሎፕ ሁለት ለሦስት ከሆነ፣ በዘጠና ዲግሪ የሚያቋርጠውስ?»

«ሦስት ለሁለት ነዋ፣ ጋሼ!»

«መገልበጡንስ ገለበጥሽው። ግን አንቺ ልጅ፣ ሁለቱም ዳገት ከወጡ እንዴት በዘጠና ዲግሪ ሊቋረጡልሽ ነው?» ይሉና ይስቃሉ። በምስማር መስመር የጫሩባትን ቁራጭ ቆርቆሮ ያቀብሉኛል። «በይ አዙሪያት።»

ሩብ ዙር ሳዞራት፣ ሽቅብ ይወጣ የነበረው መስመር ቁልቁል ይወርዳል።

«አየሽ? ዳገቱ ሲዞር ቁልቁለት ነው። ኔጌቲቩን አትርሺ።»

እኔ ግን እረሳለሁ። ተቆጥተውኝ አያውቁም፤ በረሳሁ ቁጥር ቆርቆሮዋን ያቀብሉኛል፣ በቃ።

ባለፈው ሳምንት ተፈተንኩ። ያው ጥያቄ መጣ። ሦስት ለሁለት ብዬ ጻፍኩና፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ቆርቆሮዋን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ።

ፈታኙ ጠጋ ብሎ «ምን ፈልገሽ ነው፣ እህቴ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። ባዶ መዳፌን ቀስ አድርጌ አዞርኩት፤ ከቁጥሩ ፊትም ኔጌቲቩን ጻፍኩ።

ጋሼ፣ አልረሳሁትም። ቆርቆሮዋም እቤት አለች፤ የሚያቀብለኝ ነው ያጣሁት።