ቅቤ ያልጠጣው ጠፍር

አጎቴ ኮርቻውን የገዙት በመስቀል ማግስት ነው። የንጉሡ ሠፈር ደብረ ታቦር ላይ ስለነበር ጥሩ ጥሩውን ኮርቻ ወታደሩ ይሻማዋል፤ ለካህንና ለገበሬ የሚተርፈው በጥድፊያ የተሠራው ነው። አጎቴ ያሳደጉኝ ቄስ ናቸው። ጉልበታቸው ካበጠ ወዲህ ያለ በቅሎ ከደጅ አይወጡም ነበር። እኔ ያን ጊዜ በደብራችን ለልጆች ንባብ ማስተማር ገና መጀመሬ ነው፤ ነገርን ከሥሩ ማስረዳት እወዳለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ስለ ኮርቻ ጥቂት ልናገር፤ እሱ ካልታወቀ የደረሰብን ነገር አይገባም።

የኮርቻ አጥንቱ እንጨት ነው። እንጨቱ ላይ እርጥብ ቆዳ ይወጠርበታል፤ ቆዳው ሲደርቅ እንጨቱን ጨብጦ ይይዘዋል። ይህ መቀመጫው ነው። መቀመጫውን በቅሎዋ ላይ የሚያቆዩት ግን ጠፍሮች ናቸው፤ አንዱ በሆዷ ሥር፣ አንዱ በደረቷ ላይ፣ አንዱ በጅራቷ ሥር ያልፋል። ዳገት ሲወጣ ኮርቻው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው የደረቱ ጠፍር ነው። ቁልቁለት ሲወረድ ደግሞ የተቀመጠው ሰው ክብደት ሁሉ የሚንጠለጠለው በጅራቱ ጠፍር ላይ ነው። ሜዳ ለሜዳ የሚሄድ ሰው ይህን ሳያስበው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል።

ኅዳር ሳይጋመስ የመቀመጫው ስፌት ተፈታ። በጥር እንጨቱ በየእርምጃው ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። አጎቴ ተናደው ወደ ሠሪው ላኩኝ። ሠሪው ኮርቻውን አገላብጦ አየና በቅሎዋ ከስታ ነው አለኝ። ሌላ ጊዜ ስሄድ ቄሱ ከብደው ነው አለ። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ አልተገኘም፤ ሚስቱ ደጃፉ ላይ ቆማ የኮርቻ አያያዝ እንደማናውቅ ነገረችኝ። ይህን ለአጎቴ ሳደርስላቸው፣ ዕድሜዬን ሙሉ በበቅሎ ተቀምጬ ዛሬ አያያዝ ልማር ነው ወይ ብለው እራታቸውን ሳይበሉ ተኙ። የቀድሞ ኮርቻቸው ከአባታቸው የወረሱት ነበር፤ አርጅቶ አረፈ እንጂ አንድ ቀን አላሳፈራቸውም።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ጠፍር ቅቤ ካልጠጣ ይደርቃል፤ ይህን የማያውቅ በአገራችን የለም። በሌሎች ቤቶች ለጠፍር የሚሆን ጥቂት ቅቤ በጾምም ይቀመጣል። በእኛ ቤት ግን የቅቤው ማሰሮ በቅበላ ዕለት አፉ ይመረግና እስከ ፋሲካ አይከፈትም። አጎቴ እጄ ቅቤ ከነካ አፌ እንደበላው ነው ይሉ ነበር። መቅደስ የሚገባ ሰው በጾም የሚቀመጥበት ነገር እንኳ ቅቤ ሊነካው አይገባም ብለው ከለከሉ። የኑግ ዘይት ቀባሁት። ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ጠፍሩን እንደ ዛፍ ቅርፊት አደረገው፤ በጣቴ ሳጥፈው እጥፋቱ ላይ ነጭ ስንጥቅ ይታያል። ለአጎቴ አሳየኋቸው። ከፋሲካ በኋላ ይጠጣል አሉኝ።

ጉልበታቸው ግን ፋሲካን የሚጠብቅ አልሆነም። ለሰሙነ ሕማማት እንደ ሰው ቆመው መስገድ ፈለጉ። ወንዛዬ ወርደው ፍል ውሃው ውስጥ ቢነከሩ ጉልበታቸው እንደሚፈታ ሰዎች ነገሯቸው። ተማሪዎቼን ለባልደረባዬ አደራ ሰጥቼ በማለዳ ተነሣን፤ እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ።

እስከ አፋፉ ድረስ ደህና ነበርን። ከአፋፉ በታች መንገዱ በገደሉ ጎን የሚሄድ ቀጭን ነገር ነው፤ በቀኝ ቋጥኝ፣ በግራ ባዶ። አሞራ ከእግራችን በታች ይዞራል። ከበቅሎዋ ኋላ እየሄድኩ ዓይኔን ከጅራቷ ጠፍር አልነቀልኩም። በየእርምጃው ይወጠራል፣ ይላላል፣ ደግሞ ይወጠራል። ስንጥቁ ሲሰፋ አየሁት። ልንገራቸው ወይስ ልተው ብዬ ተጨነቅሁ። ብነግራቸው በየት ይወርዳሉ? በግራ ገደል ነው፤ በቀኝ ቋጥኙ እግር አያስወጣም። መንገዱ እስኪሰፋ ዝም ልበል ብዬ ወሰንኩ።

ጠፍሩ ሲበጠስ ድምፁ ትንሽ ነው፤ ጭራሮ ሲሰበር ያህል። ኮርቻው ወዲያው ተንሸራቶ በበቅሎዋ አንገት ላይ ወጣ። አጎቴ በፊታቸው ተደፉ፤ እጃቸው ጋማዋን ጨብጧል፣ ራሳቸው በጆሮዎቿ መካከል ነው። በቅሎዋ አንገቷን ዝቅ ብታደርግ በራሷ ላይ አልፈው ይሄዳሉ። በግራ ጎኗ በኩል ዘልዬ የኮርቻውን ኋላ ያዝኩና እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ብጎትተው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ብለቀው አለቀ። እግሬ ከኮቴዋ አጠገብ ነው፤ ብትራገጥ የሚቀበለኝ ባዶው ነው።

«ልጄ፣ ይዘኸኛል?» አሉ አጎቴ ሳይዞሩ።

«ይዣለሁ አባ።»

«ምኔን ነው የያዝከው?»

«ኮርቻውን።»

«ኮርቻውንማ ተወው፤ እኔን ያዘኝ።»

አንድ እጄን ከኮርቻው አላቅቄ የቀሚሳቸውን ጀርባ ጨበጥኩ። በዚህ መካከል ከታች ኮቴ ሰማሁ። አንድ ገበሬ እህል የጫኑ አህዮች እየነዳ ወደ ላይ ይመጣል። መንገዱ ሁለት አያሳልፍም። አህዮቹ ገፍተው ቢመጡ በቅሎዋ ወደ ኋላ ትላለች፤ ከኋላ እግሯ አጠገብ ደግሞ እኔ ነኝ። እንዲቆም ተጣራሁ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ገበሬው አህዮቹን ቋጥኙ ላይ አስጠግቶ አቆመና ቀስ እያለ ቀረበን።

«አባ፣ ዛሬ በአንገቷ ነው እንዴ የተቀመጡት?»

«ልጓሟን ያዝ» አሉት አጎቴ።

ያዘና አንገቷን ቀና አደረገ። የተበጠሰውን ጠፍር ተንጠልጥሎ አየው። «ይኼስ ቅቤ ሸትቶትም አያውቅ» አለ።

«ጾም ነው» አሉ አጎቴ ከጆሮዎቿ መካከል።

«ኮርቻውንም ያስጾሙታል እንዴ?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ተማሪ፣ ምን ትጠብቃለህ? በኋላ በኩል አውርዳቸው እንጂ።»

መምህር ነኝ የምልበት ጊዜ አልነበረም። እሱም ቀልዱን ይበለው እንጂ ልጓሙን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዟል። መቀነቴን ፈትቼ በአጎቴ ብብት ሥር አሳለፍኩና ከኋላዋ ሆኜ ሳብኳቸው። በበቅሎዋ ወገብ ላይ እየተንሸራተቱ መጡ። ቆዳዋ ዝንብ እንዳረፈበት ሁሉ ይርገፈገፋል፤ አንድ ኋላ እግሯን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። በግዕዝ የጀመርኩት ጸሎት በአማርኛ አለቀ። ክብደታቸው ደረቴ ላይ ሲያርፍ ሁለታችንም ወደቅን፤ የወደቅነው ግን መንገዱ ላይ ነው።

ገበሬው ኮርቻውን ከአንገቷ ፈታ፤ አህዮቹን መልሶ በቅሎዋን እየሳበ መንገዱ ወደሚሰፋበት ስፍራ ቀድሞን ወረደ። አጎቴን አዝዬ ተከተልኩ። እስትንፋሳቸው አንገቴ ላይ ይቆራረጣል። እሳቸው ሲፈሩ አይቼ አላውቅም ነበርና የእሳቸው ፍርሃት ከገደሉ ይልቅ አስፈራኝ። ጥቂት እንደወረድን ኮርቻ ሠሪውን ሊረግሙ ጀመሩ፤ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላቸው ግማሹ ላይ ተዉት። ከዚያ በኋላ እስከ ወንዛዬ በቅሎዋ ላይ አልወጡም። ትከሻቸውን ደግፌ፣ እየተቀመጥን እየተነሣን ደረስን።

ፍል ውሃው በጀኝ አሉ። የሆሳዕና ሰሞን በትር ይዘው መቆም ቻሉ፤ የምንመለስበትም ቀን ደረሰ። በቤቱ ያሳደረን ሰው ጠፍሮቹን በሙሉ በአዲስ ቀይሮ፣ ለአጎቴ ሳይነግር በራሱ እጅ ቅቤ አጠጥቷቸዋል። ሌሊቱን ግን ነገሩን ለራሴ ሳስረዳ አደርኩ፦ ጠፍሮቹ አዲስ ናቸው፣ እንጨቱ ያው ነው፤ መንገዱ ያው ነው፤ አሁን ዳገት ስለሆነ የሚወድቁት ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ነው፤ ኋላ ያለሁት እኔ ነኝ። ባስረዳሁት ቁጥር ይብስብኛል።

ሲነጋ በቅሎዋን ጭኜ ደጅ አቆምኳት። አጎቴ ወጡ። እጃቸውን ኮርቻው ላይ ጫን አደረጉ፤ እንጨቱ ሲጥ አለ። እጃቸውን አነሡ። ቀጥ ብለው እንደቆሙ ጉልበቴ ገና ነው አሉኝ። ሕማማቱንም እዚሁ ቆላው ቤተ ክርስቲያን ሰግጄ ባሳልፍ ምን ይመስልሃል ብለው ጠየቁኝ። እኔን ሐሳብ ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

«ደግ ነው አባ» አልኩ፤ ጥያቄያቸው ሳያልቅ።

ትኩር ብለው አዩኝ። «አንተም?»

«እኔም አባ።»

የሆዷን ጠፍር ፈታሁ፤ እሳቸው በዚያ ማዶ የደረቱን ፈቱ። ኮርቻውን በሁለት ወገን ይዘን አወረድነው።