አጣሪዎቹ ሲመጡ እንዳትነሺ

ያ ክረምት በእንቅልፍና በንቃት መሃል ያለፈ ክረምት ነው። የእግሬን ጡንቻ የሚያላላልኝ መድኃኒት ያፈዘኛል፤ ከቁርስ በኋላ እውጠውና እስከ ቀትር ድረስ ዓለም ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ያለች ትመስለኛለች። የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ቤት ላይ ነው። መስኮት ስር ያለው ሶፋ የእኔ ግዛት ነው። እዚያ ጋደም ብዬ ዝናቡን እሰማለሁ፣ ቦሌ ለማረፍ ዝቅ ብለው የሚያልፉትን አውሮፕላኖች እሰማለሁ፣ የባቡሩን ድምፅ እሰማለሁ። አንዳንዴ ባቡሩ በእውነት ይለፍ በሕልሜ አይለይልኝምና እናቴን እጠይቃታለሁ። «አለፈ፤ ጥሎሽ ሄደ!» ትለኛለች።

ስወለድ ታፍኜ ነው አሉ። ጭንቅላቴ ደህና ነው፣ ቀኝ እጄም ደህና ነው፣ ምላሴማ ከደህናም አልፎ እንደሚያሰጋ ጎረቤት ይመሰክራል። እግሮቼ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ግትር ብለው ቀሩ። ሐኪሞቹ ለእናቴ «ይቺ ልጅ አትቆምም፣ አትድከሚ» ሲሏት «ማን ጠየቃችሁ!» ብላ አዝላኝ ወጣች። እንዲህ ናት። ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ጊዜው ሳይደርስ በጡረታ የወጣችው በእኔ ምክንያት ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ደግሞ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

እናቴ ያደገችው ሰሜን፣ ገጠር ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበል በእሷ ቤት ከስድብ አይተናነስም። ብድግ ይባላል፣ «ኖር!» ይባላል፣ የገባው ሰው ደግሞ «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጣል። የዘንድሮ የአዲስ አበባ ልጅ ይሄን ትቶታል፤ ስልኩን እያየ በአገጩ ነው ሰላም የሚለው። እናቴ ግን እግሯ አይታዘዛትም ብላ አልማረችኝም። ከሶፋዬ በላይ ግድግዳው ላይ ወፍራም ብረት በብየዳ ሠራተኛ አስተከለችና በየጠዋቱ ብረቱን አስይዛ ታስቆመኝ ጀመር። «በይ እስቲ፣ እንግዳ መጣ!» ትላለች። እኔ እያለቀስኩ፣ እሷ እየተቆጣች ዓመታት ሄዱ። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ሲገቡ ማንም ሳይረዳኝ ብረቱን ይዤ ተነሳሁና «ኖር!» አልኩ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

መነሳቴ ታዲያ ጊዜ ይወስዳል። ብዙውን ጊዜ እኔ ቀጥ ብዬ ስቆም እንግዳው ተቀምጦ ውሃ መጠጣት ጀምሯል፤ ሲያየኝ ደንግጦ እሱም እንደገና ብድግ ይላል። ሌላም አለ፤ ለሰው ሲነገር ያስቃል። መቆም እችላለሁ፣ መቀመጥ ግን አልችልም። አንዴ ከቆምኩ ጉልበቴ ይቆለፋል። እናቴ ከኋላዬ መጥታ፣ ጉልበቴን ከስር ነካ ነካ አድርጋ፣ በብብቴ ይዛ ቀስ ብላ ካላወረደችኝ እዚያው ተተክዬ መቅረቴ ነው።

ወረዳው ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው በየወሩ የሚሰጠው ድጋፍ አለ፤ ከሱ ጋር ነፃ የሕክምና ካርድ አለ። ሀብታም አያደርግም፤ መድኃኒቴ ግን የሚመጣው ከዚያ ነው። የእናቴ ጡረታ ለቤቱና ለአስቤዛው ሄዶ ያልቃል። መድኃኒቱ የተቋረጠ እንደሆነ እግሬ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። አንድ ጊዜ ከገበያ ጠፍቶ አይቼዋለሁ፣ ጠላቴም አይየው።

ወሬውን ያመጣችው ጎረቤታችን ናት፤ ከእኛ ፊት ለፊት የምትኖር፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት። ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ ገባች።

«እትዬ፣ ሰምተዋል? ድጋፉ ሊቀነስ ነው!»

«ማን አለ?» አለች እናቴ።

«ስብሰባ ላይ ተነገረ። በጀት አጥሯል አሉ። ራሱን የሚችል ሰው ይወጣል፣ አጣሪ በየቤቱ ይዞራል ተብሏል።»

«ራሱን የሚችል ማለት ምን ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! የቆመ፣ የተራመደ፣ በእጁ የጎረሰ ይሆናላ። እንዲያማ ከሆነ የእኔን ልጅ ማን ችግር አለበት ይለዋል? ከእኔ በላይ ይሮጣል እኮ!» ከዚያ ዕቅዷን ነገረችን። «ያን ቀን ስልኩን አልሰጠውም። ይጩህ! ግድግዳውን ይደብድብ! እኔ የማየውን እነሱም ይዩት።» ሳቅን። ከሁላችንም በላይ የሳቀችው እሷ ነበረች፤ ሳቋ ሳያልቅ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ፣ ትልቅ ሴት ልጃቸውን አዝለው ከጎሮ የመጡ አባት «እናንተ ጋስ መጡ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁን። «አልመጡም» ስንላቸው ቀለል ያላቸው መሰሉ። ወንበሩ ላይ የተደረደርነው ሁሉ በስርቆት እንተያይ ነበር፤ ማን ባሰበት፣ ማን ተሻለው፣ ማን ይወጣል እያልን። አስጠላኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተሻለኝ ለመምሰል ስለፋ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ የባሰብኝ ለመምሰል ልፎካከር!

በቀን ሕልሜ የቦሌ መንገድ ባዶ ይሆንልኛል። መኪና የለም፣ ዝናቡ አባርቷል፣ አስፋልቱ ያበራል። ከኤርፖርቱ ጀምሬ ወደ ኦሎምፒያ እሄዳለሁ፤ እግሬ ቀላል ነው፣ የእኔ አይመስልም። አላፊ አግዳሚ የለም፤ በሱቆቹ መስታወት ውስጥ ግን አንድ ሰው አብሮኝ ይራመዳል። ዞር ብዬ አላየውም። ያን ሰሞን ኦሎምፒያ ልደርስ ስል «ትችያለሽ እንዴ?» ይለኝ ጀመር። ያን ጊዜ እግሬን አየዋለሁ። ስነቃ ሶፋዬ ላይ ነኝ፣ እናቴ ብርድ ልብሱን ጉልበቴ ላይ እየጎተተች ነው።

በአንዱ ከሰዓት እንዲሁ ስነቃ እናቴን አጠገቤ ቁጭ ብላ ምስር ስትለቅም አገኘኋት።

«ልጄ፣ አጣሪዎቹ ሲመጡ እንዳትነሺ» አለችኝ።

አልገባኝም። «ምን?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ማንም ይግባ ማን። ለአንድ ቀን ነው።»

ደሜ ፈላ። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ ይሄን የምትዪኝ? ለትልቅ ሰው አልነሳም ስል ስትቆነጥጪኝ አልነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ውሸት ነው እኮ!»

«ቁጭ ማለት ምን ውሸት አለው? ዋሺ አላልኩሽም። ቁጭ በይ ነው ያልኩሽ።» ዓይኗን ከሰፌዱ ላይ አላነሳችም። እጇ ግን ደህናውን ምስር ከጠጠሩ ጋር ይጥል ጀምሮ ነበር። «እሺ» አልኳት። እሺ ያልኩት ስለፈራሁ ነው። እኔም እንደሷ ፈርቼ ነበር።

አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ መድኃኒቴን ውጬ ስንሳፈፍ መጡ። መጀመሪያ የገባችው ታብሌት የያዘች ወጣት ነበረች፤ ጨዋ ልጅ፣ ጫማዋ በስብሷል። ከእኔ ታንሳለች፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ መቀበሉ አልከበደኝም። እናቴን «ማዘር፣ ይቅርታ፣ ቤተሰብ እንዳይመልስላት፣ እንዳይደግፋትም ተብለናል፤ መመሪያ ነው» አለቻት። እናቴ ሄዳ ኩሽና በር ላይ ቆመች። ልጅቷ ትጠይቃለች፣ እኔ በፈዘዘ አንደበት እመልሳለሁ። በእጄ እበላለሁ? አዎ። ልብስ ራሴ እለብሳለሁ? ግማሹን። ድምፅዋ ከሩቅ፣ ከዝናቡ ማዶ ይመጣ ነበር።

ለካ አብሯት ሌላ ሰው ነበረ። የሰፈር ሽማግሌ ናቸው፤ ይሄ ሁሉ ኮንዶሚኒየም እርሻ በነበረበት ዘመን እዚሁ ሲያርሱ የኖሩ የኦሮሞ አባት። በር ላይ የጫማቸውን ጭቃ ሲጠርጉ ነው የዘገዩት። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ።

ሰውነቴ ቀደመኝ። ማሰቤን አላስታውስም። እጄ ብረቱን ያዘ፣ ትከሻዬ ተሳበ፣ እግሬ ተንቀጥቅጦ ቀጥ አለ። «ኖር!» አልኩ።

«በእግዜር! በእግዜር፣ ልጄ! ተቀመጪ!» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ፊታቸው በራ።

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና «ትቆሚያለሽ ማለት ነው» አለች፤ ክፋት አልነበረባትም። ጣቷ ታብሌቱን ነካ።

ሽማግሌው አልተቀመጡም። «ተቀመጪ እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

«እርስዎ ይቀመጡ፣ አባባ።»

«ኧረ በሞቴ! አንቺ ቆመሽ እኔ እቀመጣለሁ?»

«ግድ የለም፣ ይቀመጡ።»

«አይሆንም፣ አይሆንም!»

እንዲህ ተፋጠጥን። እኔ መቀመጥ አልችልም፣ እሳቸው ከእኔ በፊት መቀመጥ አይሆንላቸውም፣ እናቴ እንዳትነካኝ ተብላለች። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ስትል ልጅቷ «ማዘር፣ እባክዎ» አለቻት፤ እናቴ ባለችበት ደረቀች። ብትነካኝ ድጋፉ የሚቀር መስሏታል። ጊዜው ተለጠጠ። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፣ የረጠበ ጋቢ ይሸታል፣ እኔ ቆሜያለሁ። ሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፤ ሳቄ ሁሉ መጣ። ከዚያ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«መቀመጥ አልችልም» አልኩ።

ልጅቷ ግራ ገባት። «እንዴት? ቆመሽ የለም እንዴ?»

«መቆም እችላለሁ። መቀመጥ ነው የማልችለው።»

ታብሌቷን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችና «መቀመጥ የሚል ጥያቄ የለውም» አለች፣ ለራሷ ይመስል።

እጄ ብረቱን ለቀቀ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጥለው በደረታቸው ተቀበሉኝ፣ እናቴ «ወይኔ ልጄን!» ብላ በረረች፣ ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተደፋን። የሽማግሌው ልብ በጋቢያቸው ስር ሲመታ ይሰማኝ ነበር። «ለእኔ ብላ ነው የተነሳችው፣ ለእኔ ብላ ነው» ይላሉ ደጋግመው።

ሊሄዱ ሲሉ እናቴ ልጅቷን በር ላይ ያዘቻት። «ምን ብለሽ ሞላሽ፣ ልጄ?»

«ለዘንድሮ ትቀጥላለች፣ ማዘር። ግን መሻሻል አላት ብያለሁ፤ ያየሁትን መተው አልችልም። በየዓመቱ ነው የሚታየው። እየተሻላት ከሄደ...» አልጨረሰችውም።

ከእኛ ወጥተው ፊት ለፊት ገቡ። የጎረቤታችን ልጅ ስልክ ተከልክሎ፣ አሁን ይጮሃል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ጭጭ አለ። እንዲያውም ሄዶ ልጅቷን ከነእርጥብ ጃኬቷ አቀፋት። ብዙም ሳይቆይ የእነሱ ድጋፍ ቆመ። እናትየው እኛ ቤት መጥታ ስታለቅስ «እኔን እኮ አንድም ቀን አቅፎኝ አያውቅም» ነበር የምትለው።

አጣሪዎቹ በመጡ ማግስት ጠዋት ነቅቼ እናቴን ጠበቅኋት። ልታስቆመኝ አልመጣችም። ቁርስ ይዛ መጣችና «ዛሬ ብርድ ነው፣ ይቅር» አለች። ፀሐይ ወጥቶ ነበር። በሚቀጥለው ቀን ወገቧን አመማት። ከዚያ ደግሞ የሚታጠብ ልብስ ነበራት።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ብዬ አፈጠጥኩባት።

«መሻሻል አላት ብለው ጽፈዋል» አለች። ሳህኑን እንደያዘች እንባዋ ወረደ። «ለከርሞ መጥተው ጭራሽ ስትራመጂ ቢያገኙሽስ? መድኃኒቱን ከየት አመጣልሻለሁ?»

ብዙ ልላት ነበር። ተናድጄባት ነበር፣ አሳዝናኝም ነበር። «እሺ» አልኳት፤ አቅፋኝ ሁለታችንም አለቀስን። ብቻዬን ልሞክር ብልስ ማን ያስቀምጠኛል? ተውኩት። እንግዳ ሲመጣም እናቴ ቀድማ ትከሻዬን ትይዘኛለች፤ «እሷ ትቀመጥ፣ አሟታል» ትላለች።

ዓመቱ በእንቅልፍ፣ በመስኮትና በዝናብ አለፈ። በክረምቱ አጣሪ መጣ፤ ልጅቷ አልነበረችም፣ ሸበት ያሉ ሰውዬ ነበሩ። ሲገቡ እናቴ ምንም አላለችኝም፣ ትከሻዬንም አልያዘችም። ብረቱን ያዝኩ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ድጋፉንም መድኃኒቱንም ረስቼ መነሳት ብቻ ፈለግሁ። ሳብኩ። እንደገና ሳብኩ። እግሮቼ እዚያው ቀሩ። ሰውዬው ጨዋ ናቸው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ።

ከዚያ «መቆም አትችልም» ብለው ሞሉ። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው።